ውኃን ወደ ኮረብታ ያወጣው መሐንዲስ

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር፣ ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ባደገም ጊዜ ዙሪክ ወደሚገኘው ከፍተኛ የጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ምሕንድስናን ተማረ።

በዚያ ወራት የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአውሮፓን የእጅ ጥበብ ለአገራቸው ይፈልጉ ነበር። ኢልግም ለዚህ ሥራ ታጭቶ ዘመዶቹን ተሰናበተ፤ ባሕርና በረሓ ተሻግሮ በ1871 ዓ.ም. ሸዋ ደረሰ። ዕድሜው ገና 24 ዓመት ነበረ።

በመጀመሪያ የታዘዘው ድልድይ እንዲሠራ ሳይሆን ጫማ እንዲሰፋ ነበር ተብሎ ይተረካል። ብዙ የተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ንቆ ሊያኮርፍ ይችል ነበር። ኢልግ ግን ጫማውን ሠርቶ አቀረበ ይባላል። ታናሹን ሥራ ያልናቀ ሰው ታላቁ ይሰጠዋልና፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ።

የምኒልክ መናገሻ በዚያን ጊዜ እንጦጦ ነበረ። የእንጦጦ ተራራ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ቆሞ በምሥራቅ በኩል ወደ የካ ይዘልቃል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱም ጽኑ ነው። ስለዚህ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ፣ ቤተ መንግሥቱ ከተራራው ግርጌ ራቅ ብላ ባለች ኮረብታ ላይ ተሠራ።

ኮረብታዋ ለዓይን ያማረች ነበረች፤ ነገር ግን ወንዞቹ በሸለቆ ስለሚፈሱ ውኃውን ወደ ላይ ተሸክሞ ማውጣት ግድ ነበር። በግብር ቀን በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በቤተ መንግሥቱ ይመገብ ነበርና፣ ለወጡ፣ ለጠላውና ለጠጁ የሚያስፈልገው ውኃ ብዙ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዝ እንስራ ያዘለች ሴት፣ የሸክላውን ክብደት ሳንቈጥር፣ 20 ኪሎ ተሸክማ አቀበቱን ትወጣለች። የውኃ ክብደት ጀርባን የሚያጎብጥ ነው።

ኢልግ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ያለውን የምንጭ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ ለማምጣት አሰበ። ነገር ግን በተራራውና በኮረብታው መካከል ዝቅ ያለ ስፍራ አለ። ውኃው ወደዚያ ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ መውጣት ነበረበት። ብዙ ሰዎች ይህን ነገር ማመን አቃታቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያዩት ወንዝ ሁሉ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሄዶ አያውቅምና፣ መጠራጠራቸው አያስነቅፍም። ሥራው ሳይሳካ ቢቀር ግን ገንዘቡና ድካሙ ብቻ ሳይሆን፣ በአዲሱ ጥበብ ላይ የተጣለው ተስፋ ጭምር መሳቂያ ይሆን ነበር።

ኢልግ የተማመነው በውኃ ጠባይ ነው። ውኃ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ በእንስራ ቢያደርጉት እንስራውን፣ በዋንጫ ቢያደርጉት ዋንጫውን ይመስላል። ከላይ ያለው ውኃ ከታች ባለው ላይ ይጫናል፤ ስለዚህ ጥልቀቱ በበዛ መጠን ግፊቱ ይበረታል። በአንድ ጣሳ ጎን አንዱን ቀዳዳ ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርገው ውኃ ቢሞሉበት፣ ከታችኛው ቀዳዳ ውኃው በኃይል ይወረወራል፤ ከላይኛው ግን በዝግታ ይወርዳል። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ፣ ከሥሩ የጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል፤ ከፍታው 100 ሜትር ቢሆን 10 ኪሎ ያህል ይጫናል።

ደግሞም ድንጋይ የሚጫነው ወደ ታች ብቻ ነው፤ ውኃ ግን ወደ ታችም፣ ወደ ጎንም፣ ወደ ላይም ይገፋል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ ውኃ ቢጨምሩ፣ በሆዱ ያለውና በቀጭኑ መቅጃ ያለው ውኃ በአንድ ልክ ይቆማሉ። መቅጃው ከክዳኑ ያነሰ ከሆነ ግን ማንም ሳያዘነብለው ውኃው በመቅጃው በኩል ይፈሳል። እንጦጦ እንደ ማንቆርቆሪያው ሆድ፣ ቤተ መንግሥቱ የቆመባት ኮረብታ እንደ አጭሩ መቅጃ ነበሩ። ምንጩ ከኮረብታዋ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ከኋላ ያለው ውኃ በክብደቱ የፊተኛውን ሽቅብ ይገፋዋል። የሴቲቱን ጀርባ ያጎበጠው ያው ክብደት በቧንቧው ውስጥ ተሸካሚ ሆነ።

ይህ የሚሆነው ግን ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ እንደ ሆነ ነው። ቧንቧው በአንድ ስፍራ ቢያፈስ ግፊቱ በዚያ ይባክናል። ጉብ ባለው ስፍራ አየር ቢታመቅ ውኃውን ያግዳል። ውኃውም ከቧንቧው ጋራ እየታሸ ኃይሉ ጥቂት በጥቂት ስለሚቀንስ፣ መውጫው ከምንጩ በብዙ ዝቅ ማለት አለበት።

በ1886 ዓ.ም. ውኃው በቤተ መንግሥቱ ወጣ። ሕዝቡ እጅግ ተደነቀ፤ ባለ ቅኔዎችም ስለዚህ ነገር ግጥም ገጠሙ። በዚያው ዓመት ኢልግ የምድር ባቡር ለማሠራት ከአፄ ምኒልክ ፈቃድ ተቀበለ። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ በታኅሣሥ 1908 ዓ.ም. በዙሪክ ሞተ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ያን ቀን ለማየት አልታደለም።

ያ ቧንቧ ያገለገለው ቤተ መንግሥቱን ነበር፤ የከተማው ሴቶች ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን እንስራ ተሸክመዋል። ስለዚህ የኢልግ ሥራ ፍጻሜ ሳይሆን መጀመሪያ ነበረ። የተጠራጠሩት ሰዎች ውኃ ቁልቁል እንደሚሄድ ማወቃቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የእውነቱን እኩሌታ ብቻ አውቀው ነበር። ኢልግ የቀረውን እኩሌታ ስለ ተማረ፣ ከውኃው ጠባይ ጋራ ሳይታገል በዚያው ጠባይ ሠራበት። የሰውን ሸክም የሚያቀል እውቀት እንዲህ ያለው ነው፤ ለጥቂቶች ከደረሰ በኋላም ለጎረቤት ሁሉ እስኪዳረስ ድረስ ሥራው አያልቅም።