አልበርት አይንስታይን

አልበርት አይንስታይን (ማርች 14 ቀን 1879 – ኤፕሪል 18 ቀን 1955 እ.ኤ.አ.) በጀርመን ኡልም ከተማ የተወለደ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብን ያፈለቀው በቤተ ሙከራ መሣሪያ ሳይሆን የሐሳብ ሙከራ በሚባለው ዘዴ ነው። የሐሳብ ሙከራ ማለት አንድን ሁኔታ በአእምሮ ሥሎ፣ የታወቁትን የተፈጥሮ ሕጎች ይዞ፣ ምን እንደሚከተል ደረጃ በደረጃ መመርመር ነው። ከተራ ምናብ የሚለየው ሕጎቹን እንደ ልብ መለወጥ ስለማይፈቅድ ነው። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

አባቱና አጎቱ በሙኒክ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ስለነበራቸው ሽቦና ማግኔት ለልጁ እንግዳ አልነበሩም። በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ አባቱ ኮምፓስ አሳየው፤ መርፌዋ ማንም ሳይነካት ወደ ሰሜን መዞሯን ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። በ1895 የዙሪክ ፖሊቴክኒክን የመግቢያ ፈተና ወደቀ። በሒሳብ ደካማ ነበር የሚባለው ግን ሐሰት ነው፤ በሒሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት አምጥቶ የወደቀው በሌሎቹ ትምህርቶች ነው። በአራው ከተማ አንድ ዓመት ተምሮ በ1896 ፖሊቴክኒኩ ገባ።

በእርጅናው እንደጻፈው፣ የመጀመሪያውን የሐሳብ ሙከራ የሠራው በ16 ዓመቱ ነው። አንድ ሰው የብርሃን ጨረርን በብርሃን ፍጥነት ቢከተለው ምን ያያል? እኩል ከሄደ ብርሃኑ እንደቆመ ማዕበል መታየት ነበረበት። ሆኖም የቆመ ብርሃን አይቶ የሚያውቅ የለም፤ የማክስዌል የኤሌክትሮማግኔቲክ እኩልታዎችም እንዲህ ያለ ነገር አይፈቅዱም። ይህ ቅራኔ ለአሥር ዓመት አብሮት ኖረ።

የ1905 ሥራ

በ1900 ቢመረቅም ሁለት ዓመት ያህል ቋሚ ሥራ አጣ። በ1902 በበርን ከተማ በፓተንት ጽሕፈት ቤት መርማሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ በተከታዩ ዓመት የትምህርት ጓደኛውን ሚሌቫ ማሪችን አገባ። ፊዚክስ የሚያስበው ከቢሮ ሥራው ጎን ለጎን ነበር።

ያስቸገሩት ሁለት መርሆች ናቸው። አንደኛው፣ የፊዚክስ ሕጎች በቆመም ሆነ በማይለዋወጥ ፍጥነት ቀጥ ብሎ በሚጓዝ ሰው ዘንድ አንድ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ በሕዋ ውስጥ የብርሃን ፍጥነት (በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ገደማ) ከአመንጪው እንቅስቃሴ ጋር የማይለወጥ መሆኑ ነው። ሁለቱ የሚጣረሱ ይመስላሉ። በሜይ 1905 ከጓደኛው ከሚሼል ቤሶ ጋር ሲወያይ ቋጠሮው ያለው «በአንድ ጊዜ» በሚለው ቃል ውስጥ መሆኑን ተረዳ። ጽሑፉ ጁን 30 ቀን ለ«አናለን ዴር ፊዚክ» መጽሔት ደረሰ።

በ1917 ለሕዝብ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በባቡርና በመብረቅ አስረዳው። ባቡር በማያልፍባት ሐዋሳ ግን ጀልባ ይሻላል። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ 30 ሜትር የሚረዝም ጀልባ በሰከንድ 5 ሜትር ይጓዛል እንበል። ሁለት መብረቆች አፍንጫውንና ጭራውን መቱ። መብረቆቹ ከወደቁባቸው ቦታዎች እኩል ርቆ ዳር ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም ብልጭታ እኩል አየ፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ወደቁ ይላል። በጀልባው መካከል የተቀመጠችው ሴት ግን ወደ ፊተኛው ብልጭታ እየሄደች ስለሆነ እርሱን ቀድማ ታያለች። ከሁለቱም የጀልባው ጫፎች ያላት ርቀት እኩል ነው፤ ለእርሷም የብርሃን ፍጥነት ያው ነው። እንግዲህ የፊተኛው መብረቅ ቀድሞ ወደቀ ማለት ግድ ይሆንባታል። አንዳቸውም አልተሳሳቱም፤ ለሁሉም አንድ የሆነ «አሁን» የለም። በዚህ ጀልባ ልዩነቱ አንድን ሰከንድ ለሺህ ትሪሊዮን ከፍለን ሁለት እጅ የማይሞላ በመሆኑ ማንም ልብ አይለውም። ፍጥነቱ ከብርሃን 87 በመቶ ቢደርስ ግን የተጓዡ ሰዓት ለዳሩ ሰው በግማሽ ፍጥነት ሲቆጥር ይገኛል።

ከ1905 በኋላ

በ1907 ከጣሪያ የሚወድቅ ሰው በመውደቅ ላይ ሳለ የራሱ ክብደት እንደማይሰማው አሰበ። ይህ ሐሳብ በ1915 ወደ አጠቃላይ አንጻራዊነት አደረሰው። በሜይ 29 ቀን 1919 የፀሐይ ግርዶሽ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ መታጠፉን ሲለኩ ስሙ በዓለም ናኘ። የ1921 የኖቤል ሽልማት ግን የተሰጠው በተለይ ለፎቶኤሌክትሪክ ክስተት ማብራሪያው እንጂ ለአንጻራዊነት አልነበረም።

ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ አይሁዳዊው አይንስታይን ውጭ አገር ነበር፤ ወደ ጀርመን አልተመለሰም። በአሜሪካ ፕሪንስተን ኖሮ በ76 ዓመቱ እዚያው አረፈ።

በ1935 ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር ሌላ የሐሳብ ሙከራ አቅርቦ ነበር፤ ዓላማው ኳንተም ሜካኒክስ ያልተሟላ መሆኑን ማሳየት ነው። ሁለቱም ሐሳቦች ከሞቱ በኋላ በመሣሪያ ተፈተኑ። በ1971 ሃፈሌና ኪቲንግ የአቶም ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ዓለምን ሲያዞሩ የሰዓቶቹ ልዩነት ከአንጻራዊነት ስሌት ጋር ተስማማ። በ1935ቱ ጉዳይ ግን ከ1972 ጀምሮ የተደረጉት ልኬቶች ለኳንተም ሜካኒክስ ፈረዱ፤ ክላውዘር፣ አስፔና ዛይሊንገር በዚሁ ሥራ የ2022ን የኖቤል ሽልማት በፊዚክስ ተካፈሉ።