ሂዩ ስኮትና ክንፍ አልባዎቹ ዝንቦች

ሸረሪት የምትመስል፣ ክንፍ የሌላት፣ በሌሊት ወፍ ጠጉር መካከል የምትሯሯጥ ደም መጣጭ ፍጥረት ዝንብ ናት ቢባል ለማመን ያስቸግራል። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮት (እ.ኤ.አ. 1885–1960) ግን እነዚህን ጥገኛ ዝንቦች ለይተው በማወቅ ስም ያተረፉ ሊቅ ነበሩ። የዝንቦቹ ጭንቅላት ወደ ኋላ ታጥፎ በደረታቸው ላይ ስለሚያርፍ፣ አጉሊ መነጽር ላልለመደ ሰው ራስና ጀርባቸውን መለየት እንኳ ቀላል አይደለም። ሥራውን ይበልጥ የሚያከብደው ግን ሌላ ነው፤ ልዩ ልዩ የሌሊት ወፎች በአንድ ከረጢት ከታጎሩ ዝንቡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገርና ከየትኛው እንደ ተገኘ ሳይታወቅ ይቀራል። በሸረሪት ሆድ ውስጥ ለሚያድጉት ጎባጣ ዝንቦችም ነገሩ ያው ነው፤ እጩ ሸረሪቷን ከውስጥ በልቶ ከወጣ በኋላ ቅሪቷ ከተጣለ፣ ዝንቡ ብቻውን ግማሽ ማስረጃ ነው።

ስኮት በ1926 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከዛሬው ነፋስ ስልክ ላፍቶ በስተደቡብ በሚገኘው በዝቋላ፣ እንዲሁም በጭላሎ ተራራ ነፍሳት ሰበሰቡ። በ1948 ወደ ጉጌ፣ በ1952 ደግሞ በ67 ዓመታቸው ወደ ስሜን ተጓዙ። ሰብሳቢ ሁሉ ሊከተለው የሚገባው ትጋታቸው የሚታየው ከናሙናዎቻቸው ጋር ባያያዙት ቁራጭ ወረቀት ላይ ነው፤ ቦታው፣ ቀኑና ከፍታው ተጽፎበታል።