ኢብኑ ነፊስ፦ ፈቂህም ሐኪምም



አንድ ቀን ካይሮ ውስጥ ረጅም፣ ቀጠን ያሉ ሰው ሐማም ገብተው ገላቸውን ይታጠቡ ነበር። ትጥበቱን ሳይጨርሱ ድንገት ብድግ ብለው ወደ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ወጡና ቀለም፣ ብርዕና ወረቀት እንዲመጣላቸው አዘዙ። እዚያው ቁጭ ብለው ስለ ደም ሥር ትርታ አንድ ድርሳን ጀምረው እስኪያልቅ ጻፉ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሰው ገብተው ትጥበታቸውን ጨረሱ። ይህን ያቆዩልን ከእሳቸው በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። እኔ ስሰማው መጀመሪያ ያሳሰበኝ ዒልሙ ሳይሆን የሐማሙ ሰዎች ነበሩ፤ ውኃ የሚንጠባጠብባቸው ሸይኽ ወረቀት ላይ አጎንብሰው ሲያዩ ምን ብለው ይሆን?

ሰውየው ዐላኡዲን አቡል ሐሰን ዐሊይ ኢብኑ አቢል ሐዝም አልቁረሺ ናቸው፤ በአጭሩ ኢብኑ ነፊስ (ረሒመሁላህ)። የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ ስማቸውን ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ግን ጧት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየተመላለስኩ ሳድግ በሁለቱም ቦታ ስማቸው አልተነሣልኝም። ባዮሎጂ ላይ ስለ ልብ ስንማር የፈቂህ ስም አይጠበቅም፤ ፊቅህ ላይም ስለ ልብ ሲወራ ስለ ሥጋው ልብ አይደለም። እሳቸው በሁለቱ መካከል ስለነበሩ ከሁለቱም አመለጡን።

የተወለዱት በደማስቆ አካባቢ በ607 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1210 መሆኑ ነው። ሕክምና የተማሩት ሱልጣን ኑረዲን ዘንጊ በ1154 ባሠሩት የኑሪ ሆስፒታል ነው። ያ ሆስፒታል በወቅፍ የሚተዳደር፣ በሽተኛ የሚታከምበትም ተማሪ የሚማርበትም ቦታ ነበር። የዛሬዎቹ የሕክምና ተማሪዎቻችን አስተማሪያቸውን ተከትለው ከአልጋ አልጋ እንደሚዞሩት ያኔም እንደዚያው ነበር። አስተማሪያቸው ሙሀዘቡዲን አድደኽዋር የዘመኑ ስመ ጥር ሐኪም ነበሩ። አድደኽዋር በ1230 ከመሞታቸው በፊት የገዛ ቤታቸውን የሕክምና መድረሳ እንዲሆን ወቅፍ አድርገዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

ከዚሁ አስተማሪ ሥር የወጣ ሌላ ተማሪ ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ ይባላል። እሱም የሐኪሞችን ታሪክ የሰበሰበ ትልቅ ኪታብ አዘጋጅቷል። ከግሪኮቹ ጀምሮ እስከ ዘመኑ ያሉ መቶዎች በውስጡ አሉ። በስፋት በሚታወቀው የኪታቡ ቅጂ ግን የኢብኑ ነፊስ ምዕራፍ የለም። አንዳንዶች ቅናት ነው ይላሉ። እኔ በሰው ልብ ውስጥ ያለውን ለአላህ ትቼዋለሁ፤ ነገር ግን ከአንድ ክፍል ወጥተው እርስ በርስ የማይነሣሡ ጓደኛሞችን በካምፓሳችንም ስለማውቅ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም።

ወጣቱ ሐኪም ከደማስቆ ወደ ካይሮ ሄዱ፤ የቀረውን ዕድሜያቸውንም እዚያ አሳለፉ። ዘመኑ ከባድ ነበር። ባግዳድ በ1258 በሞንጎሎች እጅ ወደቀች፤ በ1260 የዐይኑ ጃሉት ጦርነት ተደረገ፤ መስቀለኞቹም ገና ከባሕሩ ዳርቻ አልተነቀሉም። እሳቸው በዚህ መሃል ሕመምተኛ ያክማሉ፣ ያስተምራሉ፣ ይጽፋሉ። የሚያስተምሩት ደግሞ ሕክምና ብቻ አልነበረም። በካይሮ መስሩሪያ መድረሳ የሻፊዒይ ፊቅህ አስተምረዋል፤ የአቡ ኢስሐቅ አሽሺራዚን «ተንቢህ» ከመጀመሪያው እስከ ሰሕው ምዕራፍ ድረስ ሸርሕ አድርገዋል። ስለ ሐዲስ ዒልም መሠረቶች አጠር ያለ ኪታብ አላቸው። በነሕው ደግሞ የዘመኑ ታላቅ የሰዋስው ሊቅ ኢብኑ ነሓስ ከካይሮ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ብቻ እንደሚቀበሉ ተናግረውላቸዋል። ኢማሙ ሱብኪ የሻፊዒያ ዑለማዎችን ታሪክ ሲጽፉም ከፈቂሆቹ ተራ አስገብተዋቸዋል።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ማንሳት አለብኝ። «ሚንሃጅ»ን ወይም «ሪያዱ ሷሊሒን»ን የቀራ ሁሉ የሚያውቃቸው ኢማሙ ነወዊ በዚያው ዘመን ደማስቆ ነበሩ። መዝሀባቸው አንድ፣ ዘመናቸው አንድ ነው። ኢማሙ ነወዊም በወጣትነታቸው ሕክምና ሊማሩ አስበው የኢብኑ ሲናን «ቃኑን» ገዝተው ነበር። ነገር ግን ልባቸው ጨለመባቸው፤ ቀናት አለፉ፣ ምንም ሥራ አልሆንላቸው አለ። ምክንያቱ ኪታቡ እንደሆነ ሲገባቸው ሸጡት፣ ልባቸውም በራ። ይህ ታሪክ በየሐለቃው ይነገራል፤ አንዳንዴም በዩኒቨርሲቲ የምንማረውን ሁሉ ለማጣጣል ይጠቀሳል። ያንኑ «ቃኑን» ካይሮ ላይ ያነበቡት ሌላው ሻፊዒይ ግን ልባቸው አልጨለመም፤ የልብን አሠራር እንደ አዲስ እንድናውቅ ያደረገን ነገር ጻፉበት። ሁለቱም የአላህ ባሮች ናቸው፤ ለሁለቱም የተከፈተላቸው በር የየራሳቸው ነው። የነወዊን ታሪክ ስትሰሙ የኢብኑ ነፊስንም አብራችሁ አስታውሱ ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ልቡ እንግባ። ከጃሊኑስ ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረው እንዲህ ነበር፦ ደም ጉበት ውስጥ ይሠራል፤ ወደ ልብ ቀኝ ክፍል ይመጣል፤ በቀኝና በግራ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ሰርጎ ወደ ግራ ያልፋል። ኢብኑ ሲናም በዚሁ ሄደዋል፤ እንዲያውም ልብ ሦስት ክፍል አለው ብለዋል። ኢብኑ ነፊስ በሠላሳ ዓመታቸው ገደማ ከ«ቃኑን» ውስጥ ስለ ሰውነት አካላት የተበተነውን ሁሉ ሰብስበው ሸርሕ ጻፉለት። ከ640 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም ከ1242 የሆነ ቅጂ እስከ ዛሬ አለ። እዚያ ላይ ሦስተኛ ክፍል የሚባል እንደሌለ፣ የመሃሉ ግድግዳ ወፍራምና ድፍን እንደሆነ፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ እንደሌለው በግልጽ አሰፈሩ። ቀጥለው ያሉት ይበልጣል። ደሙ ወደ ግራው መድረሱ ካልቀረ ያለው መንገድ በሳንባ በኩል ነው፤ ከቀኙ ክፍል ወጥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ እዚያ ተሰራጭቶ ከአየር ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ በሌላ የደም ሥር ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል። በሳንባ ውስጥም ሁለቱን ሥሮች የሚያገናኙ ጠባብ መተላለፊያዎች መኖር አለባቸው። እነዚያን ቀጫጭን የደም ሥሮች ማልፒጊ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው።

እኔ መካኒካል ስለሆንኩ ነገሩ የገባኝ በጋን ነው። ሁለት ጋን በአንድ ግድግዳ ተለያይተዋል፤ ግድግዳው አያፈስም፤ ውኃው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ደርሷል። እንግዲህ የሆነ ቦታ ቧንቧ አለ ማለት ነው፤ ፈልገው። ይህን የሚመስል ጥያቄ በየፈተናው ይሰጠናል። እሳቸው ግን ከፊታቸው ጃሊኑስና ኢብኑ ሲና ቆመው፣ ሺህ ዓመት የኖረ መልስ ተጽፎላቸው ነው ግድግዳው አያፈስም ያሉት። ልብ ራሱ የሚመገበውም በሥጋው ውስጥ በሚያልፉ የደም ሥሮች እንጂ ክፍሎቹ ውስጥ ካለው ደም እንዳልሆነ ጽፈዋል። ዛሬ በነዚህ ሥሮች መዘጋት ስንቱ ሰው እንደሚሞት የሕክምና ተማሪዎቻችን ይንገሯችሁ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። በየቴሌግራሙ የሚዞረው ጽሑፍ የደምን ሙሉ ዝውውር ያገኙት እሳቸው ናቸው ይላል። አይደለም። እሳቸው የገለጹት በልብና በሳንባ መካከል ያለውን ነው። ደም መላ ሰውነትን ዞሮ ተመልሶ እንደሚመጣ በ1628 ያሳየው ሃርቪ ነው። ያላሉትን በስማቸው ስንለጥፍ ያሉትን ትልቅ ነገር እናረክስባቸዋለን፤ ሐዲስ ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ እንዳይኖር የተጠነቀቀ ኡማ በታሪክ ላይ ለምን እንደሚላላ አይገባኝም።

በሌላ ነገርም ክርክር አለ። በኪታቡ መግቢያ ላይ ሰውነት ከመክፈት ሸሪዓውም በተፈጥሯቸው ያለው ርኅራኄም እንደከለከሏቸው ጽፈዋል። እዚያው ኪታብ ውስጥ ግን የኢብኑ ሲናን ሦስተኛ ክፍል ሲያፈርሱ የሰውነት መክፈትን ምስክርነት ይጠራሉ። ታሪክ አጥኚዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አናቶሚ ላብ ገብታችሁ አስከሬን ፊት ስትቆሙ ልባችሁ የሚርድ እህቶችና ወንድሞች ግን ያችን ርኅራኄ የምትለዋን ቃል ታውቋታላችሁ።

ከሁሉ የገረመኝ ኪታባቸው ስለ ሕክምና አይደለም። «አርሪሳለቱል ካሚሊያ» ይባላል፤ ካሚል ስለሚባል ልጅ የተጻፈ ልብ ወለድ ነው። ካሚል ሰው በሌለበት ደሴት፣ ዋሻ ውስጥ ከጭቃ ያለ አባትና እናት ይገኛል። ከዋሻው ወጥቶ ዕፅዋትንና እንስሳትን ያያል፤ እንስሳትን ከፍቶ የእያንዳንዱን አካል ጥቅም ይመረምራል። ይህ ሁሉ በልክ የተሠራ ነገር ሠሪ እንዳለው ይደርስበታል። እስከዚህ ድረስ ከእሳቸው በፊት የአንደሉሱ ኢብኑ ጡፈይል ከጻፉት የሐይ ኢብኑ የቅዟን ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የኢብኑ ጡፈይል ሐይ ሰዎችን ካገኘ በኋላ ወደ ብቸኝነቱ ይመለሳል። ካሚል ግን ነፋስ ያመጣቸው መርከበኞች ዳቦና ልብስ ሲሰጡት፣ ሰው ብቻውን እንደማይሞላ ይገባዋል። አንዱ ያርሳል፣ አንዱ ይጋግራል፣ አንዱ ይሸምናል፤ ሲለዋወጡ ይጣላሉ፤ ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል፤ ሕጉን የሚያከብሩት ደግሞ ከአላህ መሆኑን ሲያውቁ ነው፤ ስለዚህ ነቢይ ያስፈልጋል። እንዲህ እያለ በደረጃ እስከ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወትና እስከ ቂያማ ምልክቶች ይዘልቃል። አካል፣ ከሰው ጋር መኖር፣ ኢማን፤ ሦስቱንም በአንድ ልጅ ሕይወት አሰሯቸው። ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን ስንኖር፣ በማጠቢያው ተራ ስንጨቃጨቅ፣ ካሚል አንዳንዴ ትዝ ይለኛል።

በሽተኛ ሲያክሙም የራሳቸው መንገድ ነበራቸው። በምግብ የሚድነውን በመድኃኒት አያክሙም፤ በአንድ ቅመም የሚድነውን ለተቀመመ መድኃኒት አይዳርጉም። ቁስለት ላለው የስንዴ ምግብ፣ ተቅማጥ ለያዘው ኸሩብና የሽምብራ ቆሎ ያዙ ነበር። ቆሎ! እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። አንድ መድኃኒት ሻጭ በዚህ ተማርሮ፣ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚጽፉ ከሆነ ሥጋ ቤት ሄደው እንዲቀመጡ፣ እሱ ዘንድ ከተቀመጡ ግን ስኳርና መድኃኒት ብቻ እንዲያዙ ነግሯቸዋል። እሳቸው በራሳቸው መንገድ ቀጠሉ።

ሲጽፉ ብርዖቹ አስቀድመው ተቀርጸው ይቀመጡላቸዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ኪታብ ሳያገላብጡ ከጭንቅላታቸው እንደ ጎርፍ ያወርዱታል። ብርዑ ሲደንዝ እስኪቀረጽ አይጠብቁም፤ ጥለው ሌላ ያነሣሉ። «አሽሻሚል» የተባለውን የሕክምና ሥራቸውን ሦስት መቶ ቅጽ ሊያደርሱት አስበው ሰማንያው ነው ያለቀው። «ሙጀዝ» የተባለው የ«ቃኑን» ማጠቃለያቸው ግን ለብዙ ዘመን የሐኪሞች መማሪያ ሆኖ ቆይቷል። እብነ በረድ በተነጠፈው ቤታቸው አሚሮችና ታላላቅ ሐኪሞች በየማዕረጋቸው ተቀምጠው ያዳምጧቸው ነበር።

በስተርጅናቸው ሱልጣን ቀላውን በካይሮ የመንሱሪ ሆስፒታልን አሠሩ፤ በ1284 ተጠናቀቀ። ቀላውን ገና አሚር ሳሉ ደማስቆ ላይ ታመው ከኑሪ ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት ድነው ነበር፤ አላህ ሥልጣን ከሰጣቸው እንዲህ ያለ ሊያሠሩ ተሳሉ። ኢብኑ ነፊስ የተማሩበት ሆስፒታል በዚህ መንገድ ካይሮ ድረስ ተከተላቸው።

በ687 ዓመተ ሂጅራ በዙልቃዕዳ ወር ታመው ስድስት ቀን ተኙ። የሚያክሟቸው ባልደረቦቻቸው ለሕመማቸው ይበጃል ብለው ጥቂት ወይን እንዲጠጡ መከሯቸው። እሳቸው ከማንም በላይ ሕክምና ያውቃሉ፤ ዶሩራ የሚባለውን የፊቅህ ምዕራፍም አስተምረዋል። ቢሆንም በሆዳቸው ኸምር ይዘው ከአላህ ጋር መገናኘት እንደማይፈልጉ ነግረዋቸው እምቢ አሉ። በ21ኛው ቀን፣ በጁምዓ ንጋት ሞቱ፤ ጊዜው ዲሴምበር 1288 ነበር። ቤታቸውንና ኪታቦቻቸውን ሁሉ፣ ያላለቀውን «አሽሻሚል»ም ጨምሮ፣ ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቅፍ አድርገው ነበር፤ አስተማሪያቸው አድደኽዋር ደማስቆ ላይ እንዳደረጉት።

ስለ ሳንባው የጻፉት ግን ለዘመናት ብዙ ሰው ሳያነሣው ቆየ። በ1924 ሙሕይዲን አጥጠጣዊ የሚባል ግብፃዊ ሐኪም ጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የነበረውን የኪታቡን ቅጂ አንብቦ አወጣው። አስተማሪዎቹ ዐረብኛ ስለማያውቁ ጽሑፉን ካይሮ ይኖር ለነበረው ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ማክስ ማየርሆፍ ላኩለት፤ እሱም መርምሮ ትክክል መሆኑን አየና ለዓለም አሳወቀ።