ማሊክ አምባር፦ ውኃ ያጠጣው ሐበሻ

ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚላክ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፍ መታሰቢያ ቴምብር ለማሊክ አምባር ይታተም ቢባል፣ የሚስማማው ሥዕል የቱ ይሆን?

እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወለደ። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጠ፤ ባሕር ማዶ እስልምናን ተቀበለ፣ ተማረም። ሕንድ ላይ የገዛው የአህመድናጋር ዋና ሚኒስትር ራሱ በባርነት የሄደ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ነፃ ወጣ፤ ከ1600 ገደማ ጀምሮም በንጉሡ ስም አገሩን መራ።

መሬት አስለክቶ ገበሬው እንደ መሬቱ ለምነት እንዲገብር አደረገ። በ1610 የዛሬዋን አውራንጋባድ ቆረቆረ፤ ከመሬት በታች ባሠራው ቦይም ውኃ አስገባላት።

የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር ሊያሸንፈው ቢያቅተው፣ የተቆረጠ ራሱን በቀስት ሲወጋ አስሣለ። ለቴምብሩስ ቦዩ ይሻላል፤ የጾመኛ ቤት የውኃን ዋጋ ያውቃል።

በ1626 አረፈ፤ መቃብሩ ኹልዳባድ ነው።