ፊደል የቆጠሩት ሊቅ፦ አል-ኪንዲ

ወላጆቻችን ማንበብ የተማረን ሰው ፊደል ቆጠረ ይሉታል። እኔ የማወራችሁ ግን ፊደልን የምር አንድ፣ ሁለት ብለው ስለቆጠሩ ሰው ነው።

አቡ ዩሱፍ ያዕቆብ ኢብን ኢስሐቅ አል-ኪንዲ በ801 አካባቢ (እ.ኤ.አ.) ኩፋ ተወለዱ። ባግዳድ ተምረው በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን የግሪክ መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ ሲተረጎሙ ከዋናዎቹ ሊቃውንት አንዱ ሆኑ። ቀጣዩ ኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ልጁን እንዲያስተምሩለት ሰጣቸው። ስለ ሕክምና፣ ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ሒሳብ ብዙ ጻፉ፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ምስጢራዊ ጽሑፍ ስለመፍታት የጻፉት አጭር ሥራ ነው።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። በዚያው ቋንቋ የተጻፈ ግልጽ ጽሑፍ ውሰድ፤ እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ ቁጠር፤ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ደርድር። ምስጢራዊውንም እንደዚያው ቆጥረህ ደርድርና አንደኛውን ከአንደኛው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው አስተያይ። እሳቸው ራሳቸው ቆጥረው አሊፍን 600፣ ላምን 437 ጊዜ አገኙ። ፓይዘን ለሚጀምሩ ልጆች የምሰጠው ልምምድ ይኸው ነው፤ ዲክሽነሪ ውስጥ መቁጠር፣ ከዚያ ሶርት ማድረግ። ልጆቹ በአሥር መስመር ይጨርሱታል። እሳቸው በቀለምና በወረቀት ነበር የሠሩት። ጽሑፉ በጣም ካጠረ ዘዴው እንደማይሠራም አስጠንቅቀዋል፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው።

በኸሊፋ አል-ሙተወኪል ጊዜ ክፉ ቀን መጣ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት የሙሳ ልጆች የተባሉት ወንድማማች መሐንዲሶች ከኸሊፋው አጣሏቸው፤ ተገረፉ፣ መጻሕፍታቸውም በሙሉ ተወሰደ። ኋላ እነዚያው ወንድማማቾች ያስቆፈሩት ቦይ አፉ ከቀረው ይልቅ ጠልቆ ውሃ አልሄድ አለ። ጉዳዩን እንዲመረምር የታዘዘው ሰነድ ኢብን ዐሊይ፣ የአል-ኪንዲ መጻሕፍት ካልተመለሱ አላድናችሁም አላቸው። መለሱ። እንደ መሐንዲስ ይህን ክፍል ደጋግሜ ነው ያነበብኩት!

አል-ኪንዲ በ873 አካባቢ ባግዳድ አረፉ። ያ የምስጢር ጽሑፍ ኢስታንቡል በሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ቆይቶ በ1980ዎቹ ታተመ።

በዐረብኛ 28 ፊደላት ናቸው፤ በአማርኛ ግን ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያልን ከ200 ያልፋሉ። ስለዚህ ቆጠራው በብዙ ፊደል ላይ ይበተናል፤ የአማርኛ ምስጢር ለመፍታት ረዘም ያለ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ሞክሩት፤ ሀ እና ሐን ለየብቻ መቁጠር አለመቁጠሩን አስቀድማችሁ ወስኑ።