ኦቶ ቫርቡርግ እና የካንሰር ሕዋስ ምግብ

ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ወደፊት ምን ለመማር እንዳሰቡ ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ ሐኪም መሆን እንደሚፈልጉ ነግረውናል። ምርጫቸው ያስደስተናል። ነገር ግን ሐኪሙ የሚያዝዘው መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት አንዲትን ሕዋስ ይዞ ለዓመታት የሚመረምር ሌላ ሰው እንዳለ፣ ያም ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ያሰቡት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ሕይወት ለተማሪዎቻችንና ለወላጆች ለማቅረብ መርጠናል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቶ ሃይንሪክ ቫርቡርግ ኦክቶበር 8 ቀን 1883 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በምትገኘው በፍራይቡርግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ኤሚል ቫርቡርግ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ታዋቂ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበሩ። ቤተሰቡ ወደ በርሊን ከተዛወረ በኋላ ልጁ የዘመኑን ታላላቅ ሳይንቲስቶች በአባቱ ቤት እያየ አደገ። የመጀመሪያውን የዶክትሬት ዲግሪ በ1906 በበርሊን በኬሚስትሪ ያገኙ ሲሆን አማካሪያቸው የኖቤል ተሸላሚው ኤሚል ፊሸር ነበሩ። በዚያ አላበቁም፤ በ1911 በሃይደልበርግ በሕክምና ሁለተኛ ዶክትሬት ጨመሩ። ካንሰርን የማሸነፍ ምኞት ገና በወጣትነታቸው አድሮባቸው ነበር።

የተነሡበት ጥያቄ ግን ከካንሰር የራቀ ይመስላል። ወደ ኢጣሊያ ወደ ኔፕልስ ሄደው የባሕር ጃርት የተባለችውን የባሕር እንስሳ እንቁላል ያጠኑ ነበር። በ1908 እንዳሳዩት እንቁላሉ ከተዳቀለ በኋላ የሚወስደው ኦክስጅን እስከ ስድስት እጥፍ ይጨምራል። ማደግ የጀመረ ሕዋስ እንዲህ ብዙ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ያለ ልክ የሚያድገው የካንሰር ሕዋስስ? ቫርቡርግን ዕድሜ ልክ ያልለቀቃቸው ጥያቄ ይህ ነው።

መካከል ላይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። ቫርቡርግ በፈረሰኛ ጦር ዘምተው ቆሰሉ፣ ሜዳልያም ተሸለሙ። በ1918 የአባታቸው ወዳጅ አልበርት አንስታይን ሕይወታቸውን በጦር ሜዳ ከማጥፋት ወደ ምርምር እንዲመለሱ የሚያግባባ ደብዳቤ ጻፉላቸው፤ እሳቸውም በርሊን ዳሌም ወደሚገኘው ቤተ ሙከራቸው ተመለሱ። ፈረስ መጋለብን ግን እስከ እርጅና አልተዉም።

የሥራቸው ምስጢር መለካት ነበር። ከእሳቸው በፊት የደም ጋዝ ለመለካት ይውል የነበረውን መሣሪያ አሻሽለው የሕዋስ እስትንፋስ መለኪያ አደረጉት። ከግማሽ ሚሊሜትር የሚቀጥን የሥጋ ቁራጭ በትንሽ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ዕቃው ተዘግቶ በሞቀ ውኃ ውስጥ ይወዛወዛል። ቁራጩ ኦክስጅን ሲወስድ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ከዕቃው ጋር በተያያዘው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ያለው ፈሳሽም ቦታውን ይለውጣል። ተመራማሪው ያንን ለውጥ እያነበበ ይመዘግባል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከአይጥ ዕጢ የተቆረጡ የካንሰር ቁራጮችን በዚህ መሣሪያ ሲለኩ ያልጠበቁትን አገኙ። የካንሰሩ ሕዋስ ከጤነኛው የበለጠ ኦክስጅን አልወሰደም፤ ይልቁንም እጅግ ብዙ ግሉኮስ፣ ማለትም ስኳር እየወሰደ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠው ነበር። ወላጆች ይህን አሲድ ከእርጎ ያውቁታል፤ ወተትን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። የሩጫ ጡንቻም አየር ሲያጥረው ያመርተዋል። የሚያስገርመው ግን የካንሰሩ ሕዋስ ኦክስጅን ሞልቶለት ሳለ እንዲህ ማድረጉ ነው። መንገዱ አባካኝ ነው፦ ሕዋሱ ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በዚህ መንገድ የሚያገኘው 2 ኤቲፒ የተባለ የኃይል ሞለኪውል ብቻ ሲሆን፣ በኦክስጅን አቃጥሎት ቢሆን ኖሮ ወደ 30 የሚጠጋ ያገኝ ነበር። ክስተቱ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

በ1931 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ብዙዎች ሽልማቱ ለካንሰር ሥራቸው ይመስላቸዋል፤ የተሰጣቸው ግን ሕዋስ ኦክስጅንን የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ምንነትና አሠራር ስላገኙ ነው። በዚያው ዓመት በአሜሪካው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ የራሳቸው የሕዋስ ፊዚዮሎጂ ተቋም ተከፈተ።

ስለ ናዚ ዘመን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ከ1926 እስከ 1930 በረዳትነት አብሯቸው የሠራው ሃንስ ክሬብስ አይሁዳዊ በመሆኑ በ1933 በፍራይቡርግ ከነበረው ሥራው ተባረረ። ከመምህሩ የተማረበትን የመለኪያ ዓይነት ይዞ ወደ እንግሊዝ ሄደ፤ በኋላም የራሱን ኖቤል አገኘ። ቫርቡርግ ግን በናዚ ሕግ ግማሽ አይሁዳዊ ተብለው ሳለ በርሊን ቀሩ። በ1941 ከኃላፊነታቸው ተነሥተው ከሳምንታት በኋላ ተመለሱ፤ ሂትለር ካንሰርን አጥብቆ ይፈራ ስለነበር ነው የሚሉ አሉ። ቤተ ሙከራቸውን አስበልጠው ከአገዛዙ ጋር ተቻችለው መኖራቸውን ለማመስገን እኛ ይከብደናል፤ ልጆቻችንም እዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እንፈልጋለን።

እንደ መምህርም ቀላል ሰው አልነበሩም። ክሬብስ በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን በአክብሮት ጽፏል፤ ሌላው ተማሪያቸው ሮበርት ኤመርሰን ግን ሌላ ዕጣ ደረሰው። ይህ አሜሪካዊ በ1927 በርሊን ውስጥ በእሳቸው ሥር ዶክትሬቱን ሠራ። ወደ አገሩ ተመልሶ ዕፅዋት አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ለማውጣት ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስፈልጋቸው እንደገና ሲለካ፣ መምህሩ ካሉት 4 የብርሃን ቅንጣት ከእጥፍ በላይ ሆኖ አገኘው። በ1948 ቫርቡርግ ጉዳዩን አብረው ለመለየት ወደ ኢሊኖይ ተጓዙ፤ ሳይስማሙ ተለያዩ። ትክክለኛው ተማሪው ነበር። መምህሩ ግን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉትም።

በካንሰርም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ቫርቡርግ የካንሰር መነሻ የሕዋሱ እስትንፋስ መበላሸት ነው ብለው ደመደሙ። በ1956 ሲድኒ ዋይንሃውስ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ብዙ የካንሰር ሕዋሳት በሚገባ እንደሚተነፍሱ በማሳየት ተከራከሩዋቸው፤ ዛሬም ካንሰር በዋናነት ከጂን ለውጥ እንደሚነሣ ይታወቃል። ማብራሪያው ወደቀ፣ ልኬቱ ግን አልተነቃነቀም። ሐኪሞች ዛሬ ካንሰር የት እንደተደበቀ የሚፈልጉበት ፔት የተባለው የምስል ምርመራ የሚሠራው ዕጢው ስኳር ስለሚሻማ ነው።

ቫርቡርግ በእርጅናቸው የነጭ የደም ሕዋሳትንም ምግብ አጠቃቀም አጥንተዋል፤ ዛሬ ለወጣት ተመራማሪዎች ሰፊውን በር የከፈተው ይህ ዘርፍ ነው። ቲ ሴል የሚባለው የበሽታ መከላከያ ሕዋስ ጠላት ሲያገኝ በፍጥነት ይባዛል፤ ለመባዛትም ልክ እንደ ካንሰሩ ሕዋስ ብዙ ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጣል። ታዲያ ዕጢ ውስጥ ሲገባ ከካንሰሩ ጋር በአንድ ገበታ ይቀርባል። በ2015 የታተሙ ጥናቶች ካንሰሩ ስኳሩን ሲሻማ ቲ ሴሉ እንደሚደክም በአይጦች አሳዩ። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዕጢው ውስጥ እያንዳንዱ ሕዋስ የሚወስደው ሲለካ፣ ከካንሰሩ ይልቅ ብዙ ስኳር የሚወስዱት ማክሮፋጅን የመሳሰሉ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት መሆናቸውን አገኘ። ጥያቄው ገና አልተዘጋም፤ የዶክትሬት ተማሪ የሚፈለገውም እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ቫርቡርግ ኦገስት 1 ቀን 1970 በ86 ዓመታቸው በርሊን ውስጥ አረፉ። በተወለዱባት በፍራይቡርግ ዛሬ የማክስ ፕላንክ የኢሚውኖባዮሎጂና ኤፒጄኔቲክስ ተቋም ይገኛል፤ የመከላከያ ሕዋሳትን ምግብ አጠቃቀም የሚያጠኑ የዶክትሬት ተማሪዎችንም ከመላው ዓለም ይቀበላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው የትምህርት ክፍያ ከመክፈል ይልቅ እየተከፈለው ይሠራል። መንገዱ ረጅም ነው፦ መጀመሪያ ዲግሪ፣ ከዚያ ማስተርስ፣ ከዚያ ሦስት አራት ዓመት ቤተ ሙከራ። ባዮሎጂን ወድደው ኬሚስትሪንና ሒሳብን ለሚሸሹ ተማሪዎቻችን የቫርቡርግ የመጀመሪያ ዶክትሬት በኬሚስትሪ እንደነበረ እናስታውሳለን። ስለ እንዲህ ዓይነት ዕድሎች በዝርዝር ማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ከወላጁ ጋር ወደ ቢሯችን ብቅ ይበል።