የልብስ አጣቢው ልጅ፦ አና ሜይ ዎንግ

ውድ እህቶች፣ የሰው ልብስና ዕቃ እያጠቡ ቤት ማስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ ለማኅበራችን አባላት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዛሬ የምናወሳት ሴትም ያደገችው በዚሁ ሥራ መካከል ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አና ሜይ ዎንግ በ1905 በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ ከቻይናውያን ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ ቤተሰባቸውን ያስተዳድሩ ነበር። እሷም የታጠበውን ለደንበኞች እያደረሰች በምታገኘው ጉርሻ ሲኒማ ትገባ ነበር። በትምህርት ቤት ልጆች በዘሯ እየሰደቡ ያስቸግሯት ነበር። አገሪቱም ከ1882 ጀምሮ ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከልክላ ስለነበር፣ እዚያው ተወልዳ እንኳ ወደ ውጭ ስትወጣ የመመለሻ ወረቀት ማውጣት ነበረባት።

ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው ዘመን፣ በ14 ዓመቷ ከብዙ አጃቢዎች አንዷ ሆና ታየች። በ1922፣ በ17 ዓመቷ፣ «ዘ ቶል ኦቭ ዘ ሲ» በተባለው የቀለም ፊልም ዋናዋ ተዋናይት ሆነች። ከዚያ በኋላ ግን በሩ ጠበበ። የቻይናዊት ዋና ገጸ ባሕርይ ሲፈለግ ነጮች ፊታቸውን ተቀብተው ይሠሩ ነበር፤ ለእሷ የሚተርፈው የአገልጋይ ወይም የክፉ ሴት ቦታ ነበር።

በ1928 ወደ አውሮፓ ሄደች። እዚያም ቋንቋ ተማረች፣ በቲያትር መድረክም ሠራች። በ1929 በወጣው ድምፅ አልባ ፊልም «ፒካዲሊ» ውስጥ ሾሾ የምትባል፣ በለንደን የምሽት ክበብ ጓዳ ሳህን የምታጥብ ቻይናዊት ሆነች። ሾሾ ጓዳ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ስትጨፍር ባለቤቱ ያያትና ያባርራታል፤ ኋላ ግን መልሶ በዋና ጨፋሪነት ይቀጥራታል። ታሪኩ የሚያልቀው በሾሾ መገደል ነው። ቢሆንም ተመልካች የሚያስታውሰው ከሁሉም ይልቅ እሷን ነው።

ስለ ቻይና ገበሬዎች የሚተርከው «ዘ ጉድ ኧርዝ» በ1937 ሲወጣ የገበሬውን ሚስት የሠራችው ነጭ ተዋናይት ነበረች፤ በዚያም ኦስካር ተሸለመች። ለአና ሜይ የቀረበላት የቁባቲቱ ቦታ ነበር። እምቢ አለች። በ1936 ወደ አባቶቿ አገር ቻይና ተጓዘች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከፊልም ያገኘችውን ክፍያ ለቻይና ተጎጂዎች ርዳታ ሰጠች።

በ1961፣ በ56 ዓመቷ አረፈች። በ2022 አሜሪካ መልኳን በ25 ሳንቲም ላይ አትማ አወጣች፤ ክብሩ የደረሰው ከሞተች ከ61 ዓመት በኋላ ነው።

እህቶች፣ አና ሜይ እምቢ ስትል ሌላ የምትተዳደርበት ሙያ በእጇ ነበር። ለነገ የሚሆን ዱቄት የሌላት ሴት ግን የማይገባትን ሥራ እምቢ ለማለት ይቸግራታል። እዚህ ሮቤም ሆነ ጎባ በየጊዜው የምናስቀምጣት ብር፣ ደጋፊዎቻችንም የሚጨምሩልን፣ አንዲት እህት ክብሯን ሳትሸጥ ሥራዋን እንድትመርጥ ነው።